የአንጥረኛው ቃል

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ሰኔ ላይ ለማጠቃለያ ፈተና ስትዘጋጅ ኬሚስትሪ ላስጠናት አብረን ተቀመጥን። ደብተሯን ገለጠችና መምህሯ ያስጻፏቸውን አነበበችልኝ።

«ኤለመንት ማለት ንጥረ ነገር ማለት ነው።»

«ጎበዝ፤ ቀጥይ» አልኳት።

አልቀጠለችም። «ንጥረ ነገር ማለትስ ምን ማለት ነው?»

«ኤለመንት ማለት ነዋ!»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ሽምቅቅ አለ። ይህን ቃል ከእሷ ዕድሜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሰው አስጠንቼበታለሁ፣ ሬዲዮ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ገልበጥ አድርጌ አላየሁትም። ኤለመንትን በንጥረ ነገር፣ ንጥረ ነገርን በኤለመንት እየፈታሁ ነው የኖርኩት። ማንም የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ዋስ እንደሚሆነው ዓይነት።

ለራሴ ጥብቅና ልቁምና፣ እኔ ኬሚስትሪን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛው በቅንፍ ውስጥ ነበር የሚመጣው። አንዳንዴ ደግሞ መምህሩ እንግሊዝኛው አልገባን ሲል በቃል ጣል ያደርጉልን ነበር። ቅንፍ ውስጥ ያለን ነገር ማን ልብ ይለዋል?

መልሱን ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም ከመጽሐፍ አይደለም። ሰፈራችን ያለ አንድ ቅቤ መሸጫ በር ላይ በማርከር የተጻፈባት ካርቶን ተሰቅላለች። «ንጥር ቅቤ አለ» ትላለች። በዚያ በር ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ያን ቀን ግን እግሬ ቆመ። ንጥር። ንጥረ።

እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ቃሉን ማርባት ጀመርኩ። ነጠረ፣ አነጠረ፣ ማንጠር፣ ንጥር። ቀጥሎ አንጥረኛ መጣልኝ፤ ወርቅና ብር ሠሪው። ባለሱቋ «ስንት ልመዝንልህ?» ስትለኝ ነው የባነንኩት። ግማሽ ኪሎ ገዝቼ ሄድኩ። አፍጥጦ ቆሞ ባዶ እጅን መመለስ ነውር ነው።

ነጠረ ማለት በእሳት ቀልጦ ከጉድፉ ተለየ፣ ጠራ ማለት ነው። ኳስም ይነጥራል፤ እሱን ለጊዜው ልጆቹ ጋ እንተወው። በእሳት የሚነጥሩት ግን በአማርኛችን በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ቅቤና የከበረ ማዕድን። አንዱ የጓዳ ሥራ ነው፤ ሌላው የአንጥረኛ። ኬሚስትሪ ሁሉንም የዓለም ቁስ የሚዘረዝርበትን ትልቁን ቃል ፈልጎ የሄደው እዚያ ነው። ቅቤ ድስትና ወርቅ ማቅለጫ ሥር።

አንድ የሰዋስው ነገር ላንሳና እመለሳለሁ። ያልነው «ንጥር ነገር» አይደለም፤ «ንጥረ ነገር» ነው። ያቺ «ረ» የግዕዝ ናት። ቤት ክርስቲያን ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን፣ ቤት መንግሥት ሳይሆን ቤተ መንግሥት እንደምንለው። ስለዚህ ቃሉ «የነጠረ ነገር» ማለት አይደለም። «የነገር ንጥር» ማለት ነው። የነጠረ ነገርማ ሞልቷል፤ ግማሽ ኪሎውን እኔም ይዤው ነበር። የነገር ንጥር ግን ማንኛውም ነገር ተነጥሮ፣ ተነጥሮ፣ መጨረሻ ላይ ከዚህ ወዲያ አልነጠርም ብሎ የሚቀረው ነው። ይኼ እኮ ራሱ ትርጉሙ ነው። መምህሬ ያስጻፉን የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ በኬሚካዊ መንገድ ከዚህ በላይ ወደ ቀላል ነገር ሊከፋፈል የማይችል ቁስ፣ ሁለት የአማርኛ ቃል ውስጥ ቁጭ ብሏል። እኔ ግን ቅንፍ ውስጥ አየሁትና አለፍኩት።

ቅቤ ሲነጠር አይተው ያደጉ ሰዎች ይህን ላስረዳቸው አያስፈልግም። እናቴ እሳቱን ቀዝቀዝ ታደርገዋለች። ቅቤው ይቀልጣል። ከላይ ነጭ አረፋ ይሰበሰባል፤ በጭልፋ እየገፈፈች ታወጣዋለች። ከታች ዝቃጭ ይወርዳል። ጆሮዋ ግን ሁልጊዜ ድስቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ቅቤው ይንጣጣል። «ገና ነው፤ ውሃው አልወጣም» ትላለች። ድምፁ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ ሲል ታወጣዋለች። ቅቤ ውስጥ ስብ ብቻ አይደለም ያለው። ውሃ አለ፣ የወተት ፕሮቲንም አለ። ውሃው ተኖ ይሄዳል፣ ፕሮቲኑ ረግቶ ይዘቅጣል፣ ስቡ ይቀራል። እናቴ ፕሮቲን የሚል ቃል ተጠቅማ አታውቅም፤ ሦስቱን መለየት ግን ከማንም በላይ ታውቃለች። የሚገርመኝ፣ ይህን ሁሉ ደክማ ጉድፉን ካወጣች በኋላ ኮረሪማውን፣ አብሹን፣ ኮሰረቱን መክተቷ ነው። አጥርታ አጥርታ መልሳ ትቀላቅለዋለች። ስለ ጣዕሙ ደግሞ ቅሬታ የለኝም።

ወርቁ ግን ረዘም ያለ ታሪክ አለው።

ልጅ ሆኜ እናቴ የተበጠሰ የአንገት ሐብሏንና ነጠላ የቀረ ጉትቻዋን ይዛ ፒያሳ ወደሚሠራ አንጥረኛ ስትሄድ ተከትያት ነበር። ሁለቱን አቅልጦ ቀለበት እንዲሠራላት ነው። ትታ አትሄድም። «ዓይኔ እያየ ነው የምታቀልጠው» አለችውና በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው አልተቀየሙም፤ የለመዱት ነገር ይመስላል። ወርቁን መዘኑ። ትንሽዬ የሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አደረጉት። ነጭ ዱቄት ነሰነሱበት፤ ቦራክስ ይባላል። ከዚያ እሳቱን ለቀቁበት። ወርቅ እስኪቀልጥ 1064 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፤ ያኔ ይህን አላውቅም፤ ፊቴን የጠበሰኝ ሙቀት ግን ትዝ ይለኛል። ሐብሉና ጉትቻው ተሰብስበው አንዲት የምታበራ ጠብታ ሆኑ። ጠብታዋ ማቅለጫው ውስጥ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ነፍስ ያላት ነገር ትመስላለች።

ከቀዘቀዘ በኋላ ሲመዘን ጎድሏል። ትንሽ ነው፤ ግን ጎድሏል። እናቴ ጉድ አፈላች። ሽማግሌው ተረጋግተው «እትዬ፣ ወርቁ አይደለም የጎደለው፤ ቆሻሻው ነው» አሏት። ለብየዳ የገባው ሌላ ነገር፣ ላብና ቅባቱ፣ የዓመታት እድፉ። እሷ ስንወጣ ለእኔ «ቆሻሻው ግን ስንት ብር ያወጣል!» አለችኝ። አሁንም ድረስ በሰውዬው እንደተታለለች ነው የምታምነው።

ዛሬ ቆም ብዬ ሳስበው ሽማግሌው ያን ቀን አቀለጡት እንጂ አላነጠሩትም። ማቅለጥና ማንጠር ለየቅል ናቸው። የጆሮ ጌጥ ወርቅ ብዙ ጊዜ ቅይጥ ነው። 24 ካራት ንጹሕ ነው ብንል 21 ካራቱ ውስጥ ወርቁ 87.5 በመቶ ነው፤ 18 ካራቱ ውስጥ 75 በመቶ። ቀሪው ብር ወይም መዳብ ነው፤ ወርቅ ብቻውን ለጌጥ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ሆነ ተብሎ የገባ። ከመሬት ሲወጣም ብቻውን አይወጣም፤ ቤኒሻንጉልም ሆነ ጉጂ አሸዋ አጥበው የሚያወጡት ወርቅ ውስጥ ብር አለ። ያን ብር ደግሞ እሳት ብቻውን አያወጣውም። ሁለቱ ሲቀልጡ አንድ ላይ ይቀልጣሉ፣ ሲረጉም አንድ ላይ ይረጋሉ። የልብ ጓደኛሞች ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይለያሉ? በዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ፣ ሰርዴስ በምትባለው የጥንቱ የልድያ መንግሥት ከተማ፣ አርኪዮሎጂስቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ የወርቅ ማንጠሪያ ቆፍረው አግኝተዋል። ዘዴያቸው ጨው ነበር። ወርቁን ስስ አድርገው ቀጥቅጠው በሸክላ ዕቃ ውስጥ ከጨው ጋር ይደረድሩታል። ዕቃውን ይከድኑትና ወርቁን በማያቀልጥ እሳት ላይ ያቆዩታል። ጨው ብሩን እየበላ ይወስደዋል፤ ወርቁን ግን አይነካውም። የወጥ ጨው!

ከዚያ በኋላ የመጣው መንገድ ይበልጥ ያስቀኛል። ናይትሪክ አሲድ ብርን ያሟሟል፣ ወርቅን አይነካም። እንግዲያውስ ጌጡን አሲድ ውስጥ መጨመር ነዋ! አይሆንም። ወርቁ ከበዛ ውስጥ ያሉትን የብር አቶሞች ከቦ ይጠብቃቸዋል፤ አሲዱ ላዩን ልሶ ይቆማል። ስለዚህ አንጣሪው ምን ያደርጋል? ሌላ ብር ይጨምርበታል። ወርቁ ከጠቅላላው ሩብ ያህል እስኪሆን ድረስ። ሊያጠራው ፈልጎ አስቀድሞ ያቆሽሸዋል። ከዚያ አሲዱ ብሩን ሁሉ በልቶ እስከ ውስጥ ይዘልቃል። ፈረንጆቹ ይህን ሥራ ኳርቴሽን ይሉታል፤ ከላቲኑ ሩብ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የወርቅ ኬሚስትሪ ውስጥ ካሉ ቃላት እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው፤ አሠራሩን በስሙ ውስጥ ስለያዘ።

አሲዱ ሥራውን ሲጨርስ ከታች የሚቀረው ንጹሕ ወርቅ ነው። አያበራም። ቢጫም አይደለም። ቡኒ ዱቄት ነው፤ የቡና አተላ ነው የሚመስለው። የማያውቅ ሰው እጁን ታጥቦ ይደፋዋል። እንደገና ሲቀልጥ ነው ያ የምናውቀው መልኩ የሚመለሰው።

እንግዲህ ነጠረ የሚለው ቃል ከኋላው ይህን ሁሉ ሥራ ይዟል። ሌላው ዓለም ለዚሁ ነገር ምን ስም እንዳወጣ ለማየት ጓጓሁ። እንግሊዝኛው ኤለመንት ከላቲኑ ኤሌሜንቱም ነው የመጣው። ኤሌሜንቱም ደግሞ ፊደል ማለትም ነበር። ግሪኮቹም ስቶይኬዮን ሲሉ እንደዚያው ነው፤ የፊደል ገበታ ላይ ያለችዋ አንዷ ሆሄ። ለእነሱ ዓለም የተጻፈ ነገር ነው። በጥቂት ፊደላት ብዙ ቃል እንደሚጻፍ፣ በጥቂት ኤለመንቶች ብዙ ነገር ይሠራል። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ዐረብኛው ዑንሱር ይላል፤ የዘር ግንድ፣ መነሻ እንደ ማለት ነው። ዕብራይስጡ የሶድ ይላል፤ መሠረት። እስራኤል ያሉ የእኛ ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት የሚሰሙት ይህንን ነው። አንዱ ጋ ፊደል፣ አንዱ ጋ ዘር፣ አንዱ ጋ መሠረት።

እነዚህ ሁሉ ስሞች ኤለመንት ምን እንደሚሠራ ወይም ከየት እንደሚጀምር ይናገራሉ። የአማርኛው ብቻ ነው እንዴት እንደሚገኝ የሚናገረው። ልፋቱን ነው የያዘው። እሳት አንድዶ፣ አረፋ ገፎ፣ ዝቃጭ ጥሎ። የወገኔን አሞገስኩ አትበሉኝ እንጂ፣ ከዘመናዊ ኬሚስትሪ ጋር ይበልጥ የሚገጥመው የእኛው ነው።

ላቭዋዚየ የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ ኤለመንትን የተረጎመበት መንገድ ከአንጥረኛ አፍ የወጣ ነው የሚመስለው። ከእሱ በፊት የነበሩት ስለ ኤለመንት ሲያወሩ ፈላስፋ ይሆናሉ። እሱ ግን ነገሩን ወደ ሥራ ቤት አወረደው። ኤለመንት ማለት በመለያየት ሥራችን የምንደርስበት የመጨረሻው ነጥብ ነው አለ። በቃ። እስካሁን ባለን ዘዴ ልንለያየው ካልቻልን ኤለመንት እንለዋለን፤ ነገ ሌላ ዘዴ ከመጣ ደግሞ እናያለን። ከዚያም 33 ዓይነት ዘረዘረ። ወርቅ አለበት። ብርሃንና ሙቀትም አሉበት፤ ኖራም አለበት። ኖራው በኋላ ሲነጠር ውስጡ ካልሲየምና ኦክስጅን ተገኘ። ላቭዋዚየ ግን ከመጀመሪያው በሩን ክፍት ትቶ ነበርና ማንም ውሸታም ሊለው አይችልም። ይህ ጥንቃቄው ግን ከፈረንሳይ አብዮት አላዳነውም፤ እ.ኤ.አ. በ1794 ጊሎቲን በሚባለው መቁረጫ አንገቱን ተቆረጠ።

ይኸው ሰው ነው ውሃን ከኤለመንትነት ያወረደው። እ.ኤ.አ. በ1783 ውሃ ከሁለት ጋዞች የተሠራ መሆኑን አሳወቀ። ይህ ለእኛም ቤት የሚመለከት ወሬ ነው። የእኛ ሊቃውንት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ ተፈጠረ ብለው ያስተምራሉ፤ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት። ግሪኮቹ ኤለመንት ያሏቸው እነዚያው አራቱ ናቸው። እንግዲህ አማርኛ ለኤለመንት የተዘጋጀ፣ የከበረ፣ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ቃል ነበረው ማለት ነው፤ ባሕርይ የሚል። ኬሚስትሪው ግን እሱን አልፎ ወደ አንጥረኛው ሄደ። ቃሉን ያወጣው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ልክ ነበር እላለሁ። ከአራቱ አንዱም ንጥር አይደለም። አፈር ቅይጥ ነው፣ ነፋስ ድብልቅ ነው፣ ውሃ ውህድ ነው፣ እሳት ጭራሽ ቁስ አይደለም።

ውህድ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሰባተኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሦስት ቃላት ላይ ነው የቆመው፤ ንጥረ ነገር፣ ውህድ፣ ድብልቅ። እንግሊዝኛውን ስንሸመድድ ሦስቱም እንደ መድኃኒት ስም ይቸግሩ ነበር። አማርኛዎቹን ግን እዩአቸው። ንጥረ ነገር ከአንጥረኛ ቤት መጣ። ድብልቅ ከማድቤት መጣ፤ ደባለቀ። ውህድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን፤ ተዋሐደ፣ ተዋሕዶ። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ እንጂ እንዲያው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ውህደት አይባልም። ጨውና በርበሬ ተደባለቁ እንላለን፤ ተዋሐዱ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያ ልዩነት በልጅነታችን አፋችን ውስጥ ነበረ። ቅይጥም አለ፤ እህል ከእህል ሲቀየጥ። 18 ካራቱ ቀለበት እሱ ነው።

አሁን ደግሞ የሚቆጨኝን ልናገር። አንጥረኛ የሚለውን ቃል ለሳይንስ ስናበድር ባለ ቃሉን ምን ስናደርገው ኖርን? ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን ስናንቋሽሽ ነው የኖርነው። ቡዳ ነው ብለን ልጃችንን ከዓይኑ ስንሸሽግ። የሠራውን ማረሻ እንወስዳለን፣ ጋብቻ ግን አንሰጠውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። በአዋጅ የሚከለከል ስድብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር መገመት አያቅትም። የወርቁ ሠሪ ከብረቱ ሠሪ ትንሽ ይሻል እንደሆን እንጂ እሱም ከጅራፉ አላመለጠም።

ያም ሆኖ ነገር ማጥራት ሲያምረን የምንበደረው ከእሱ ነው። ቅኔ ሰምና ወርቅ የሚባለው ከእሱ የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ቅርጹን በሰም ሠርቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም በቦታው ይፈሳል። የሐሳብ ክርክር ሲያልቅ «ነጥሮ የወጣው ነጥብ» እንላለን። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሚልክያስ ትንቢት ላይ የሚመጣውን ጌታ «እንደ አንጥረኛ እሳት» ይለዋል። ሌላው ቀርቶ ፈተና!

ይህቺን ሳገኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ፈተነ የሚለው ግሥ በግዕዝም በዐረብኛም አለ። የዐረብኛ የቃላት ሊቃውንት የፈተነ መነሻው ወርቅና ብርን እሳት ውስጥ ከትቶ ደጉን ከክፉው መለየት ነው ይላሉ። እኛም «ወርቅ በእሳት ይፈተናል» እንላለን። እንግዲህ ያቺ ሰኔ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የምትነሳን፣ ኮሪደር ላይ ወረፋ ይዘን የገባንላት ፈተና፣ ከማቅለጫው ነው የወጣችው። አንጥረኛው ወርቁን ይፈትናል፤ መምህሩ ተማሪውን። ሁለቱም ስንት ካራት እንደሆንክ ነው ማወቅ የሚፈልጉት።

ወርቅ ራሱ ፈተና ላይ ምን ያህል ግትር እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሚያዝያ ወር እ.ኤ.አ. 1940 የጀርመን ጦር የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ገባ። እዚያ በፊዚሲስቱ በኒልስ ቦር የምርምር ተቋም ውስጥ የሁለት ጀርመናዊ ፊዚሲስቶች፣ የማክስ ፎን ላወና የጄምስ ፍራንክ፣ የኖቤል ሜዳሊያዎች በአደራ ተቀምጠዋል። ያኔ ወርቅ ከጀርመን ማውጣት ከባድ ወንጀል ነው፤ ሜዳሊያው ላይ ደግሞ ስም ተቀርጿል። እዚያ ይሠራ የነበረው የሀንጋሪው ኬሚስት ጆርጅ ደ ሄቨሺ መቅበርም አላማረውም። ሜዳሊያዎቹን አኳ ሬጂያ ውስጥ ከተታቸው። የንጉሥ ውሃ ማለት ነው። ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከአንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ ጋር። ለየብቻቸው ወርቅን የማይነኩ ሁለት አሲዶች ሲገናኙ ያሟሙታል። ወርቅ የማዕድናት ንጉሥ ነውና ንጉሡን የሚያሸንፈው ውሃ የንጉሥ ውሃ ተባለ።

ሄቨሺ እንደጻፈው ወርቁ እንቢ እንቢ እያለ ብዙ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ግን ብርቱካንማ ፈሳሽ ሆነ። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ከሌሎች ጠርሙሶች ጋር ተቀመጠ። ወታደሮቹ ቤቱን በረበሩ፤ ማንም ልብ አላለውም። ጦርነቱ አልቆ ሲመለሱ ጠርሙሱ እዚያው ነበር። ወርቁን ከፈሳሹ መልሰው አወጡት፤ የኖቤል ድርጅትም ሜዳሊያዎቹን እንደገና ቀረጻቸው። ፍራንክ የእሱን እ.ኤ.አ. በ1952 ተቀበለ።

ይህን ታሪክ ስሰማ የመጣልኝ ያ ቃል ነው። መልኩ ጠፋ፣ ክብደቱ ፈሳሽ ውስጥ ገባ፣ ስሙ ተፋቀ። ግን ምንም አልሆነም። የነገር ንጥር ስለሆነ ሊሆን አይችልም። ወርቅ ነበረ፣ ወርቅ ነው። በፔሪዮዲክ ሰንጠረዡ 79ኛ ቁጥር ላይ ኤዩ ተብሎ ተቀምጧል፤ ከላቲኑ አውሩም። የእኛ ወርቅ ግን ከዕብራይስጡ ያሮቅ ጋር ነው የሚዛመደው፤ አረንጓዴ ማለት ነው። በደቡብ ዐረቢያ የጥንት ጽሑፎችም ላይ «ወረቀ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ወርቅ ሆነው ይገኛሉ። አረንጓዴና ቢጫ በጥንቱ ሰው ዓይን ብዙም አይራራቁም መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ፣ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሳይንቲስቶች የእርሳስ (የማዕድኑን እንጂ የመጻፊያውን አይደለም) አቶሞችን እምብርት፣ ኒውክሊየሶቹን፣ በሚያስደነግጥ ፍጥነት አቀራርበው ወርቅ ማግኘታቸውን አሳውቀዋል። በአራት ዓመት ሥራ 29 ፒኮግራም። አንድ ግራም በሺህ ቢሊየን ቢከፈል አንዱ ፒኮግራም ነው። እናቴ ይህን ብትሰማ «ቆሻሻው ይበልጣል» ትል ነበር።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው ወደ እህቴ ልጅ የተመለስኩት። ግማሽ ኪሎ ቅቤውን ይዤ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላትና ካርቶኑን፣ አንጥረኛውን፣ የቡና አተላ የሚመስለውን ወርቅ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ሰዓት ሙሉ። መጨረሻ ላይ ቅቤውን እያየች ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ታዲያ ቅቤ ኤለመንት ነው?»

አይደለም አልኳት። ነጥሯል፤ ግን ገና ይነጠራል። ስቡ ራሱ ውህድ ነው፤ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አለው። ቅመም ሲገባበትማ ድብልቅ ነው።

«እሺ» አለችና ደብተሯን ሳበች። መምህሯ ያስጻፏቸውን መስመር በእርሳስ ሰረዘች። ከሥሩ «ንጥረ ነገር ማለት ተነጥሮ ተነጥሮ ከዚያ ወዲያ የማይነጠር የነገር ንጥር ነው» ብላ ጻፈች። አነበበችው። ደስ ያላት መሰለኝ። ከዚያ እርሳሱን አፏ ውስጥ ከታ አየችኝ።

«ፈተና ላይ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ይሰጡኛል?»

«የቱን?»

«ማርኩን ነዋ።»

ላጲሱን አቀበልኳት። «ሁለቱንም ጻፊ» አልኳት።